የሕክምና ተማሪዎች ዝለት፦ ተረቱና እውነታው

በሙያው አጠራር በርንአውት የሚባለው ዝለት፣ ለረጅም ጊዜ ተከማችቶ ሳይቃለል ከቀረ የሥራ ጫና የሚመነጭ የአካልና የመንፈስ መሟጠጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ዝለትን ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ያስቀመጠው ሲሆን፣ መገለጫዎቹም የጉልበት ማለቅ፣ ሥራን በምሬትና በግዴለሽነት እያዩ ከሥራው በስሜት መራቅ፣ እንዲሁም የሚሠሩት ሁሉ ፍሬ እንደሌለው መስሎ መታየት ናቸው። ትምህርት የተማሪው ሥራ እንደመሆኑ፣ ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ለሠራተኞች ያቀረቡት የዝለት መለኪያ በኋላ ለተማሪዎች በሚስማማ መንገድ ተሻሽሎ በብዙ አገሮች ሥራ ላይ ውሏል።

ጉዳዩ ለወላይታ ሶዶ የሩቅ ወሬ አይደለም። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ ሕክምና ሲሆን፣ ነዋሪው እስከ ዛሬ ኦቶና እያለ የሚጠራው ሆስፒታልም የተማሪዎቹ መለማመጃ ነው። ተማሪው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አናቶሚና ፊዚዮሎጂን በመሳሰሉ ትምህርቶች ካሳለፈ በኋላ ወደ ሕሙማን ክፍል ገብቶ ሞርኒንግ ከሚባለው የማለዳ ስብሰባ ወደ ራውንድ (ሕሙማንን ተዘዋውሮ መጎብኘት)፣ ከራውንድ ወደ ዱቲ (ተረኝነት) እየተዘዋወረ ይሠራል፤ በመጨረሻም ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ሆኖ ከታካሚው ጋር ብዙ ሰዓት ከሚያሳልፉት ባለሙያዎች አንዱ ይሆናል። በዚህ ጉዞ ላይ ከከፍተኛ ተማሪ ወደ ጀማሪ የሚተላለፉ እምነቶች ጥቂት አይደሉም፤ የሚከተሉት በብዛት የሚሰሙት ናቸው።

ተረት 1፦ የሚዝለው ሰነፍ ወይም ለሙያው ያልተፈጠረ ተማሪ ነው።

እውነታው፦ ሕክምና የሚመደቡት በአገር አቀፍ ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያስመዘገቡ፣ ለዓመታት በትጋት የኖሩ ወጣቶች በመሆናቸው ይህ አባባል ከመነሻው አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገቡ ተማሪዎች በመግቢያቸው ወቅት በዝለትም ሆነ በድባቴ (ዲፕሬሽን) ምልክቶች ከዕድሜ እኩዮቻቸው ያነሰ ተጋላጭነት ነበራቸው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2016 የበርካታ አገሮችን ጥናቶች አጠቃሎ የተነተነ ሥራ፣ ተማሪዎችን ከመግቢያቸው በፊት ጀምሮ በተከታተሉት ጥናቶች ውስጥ ድባቴን የሚያመለክቱ ስሜቶች ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ ከፍ ማለታቸውን አረጋግጧል። ጤናማ ሆኖ የገባ ሰው በትምህርቱ መካከል ከታመመ፣ መጀመሪያ ሊመረመር የሚገባው የተማሪው ጠባይ ሳይሆን የትምህርቱ አደረጃጀት ነው።

ተረት 2፦ እንቅልፍ የሚቀንስ ተማሪ ጎበዝ ሐኪም ይወጣዋል።

እውነታው፦ አእምሮ ቀን የተማረውን አደራጅቶ የሚያጸናው በአብዛኛው በእንቅልፍ ጊዜ በመሆኑ፣ ለፈተና ሲባል ሌሊቱን ሙሉ ማንበብ የተነበበውን ራሱን ይሸረሽራል። በአውስትራሊያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ጥናት፣ ለ17 ሰዓታት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የእጅና የዓይን ቅንጅቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል እንደሚሆን አሳይቷል። ጉዳቱ በተማሪው ብቻ አይቆምም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የቦስተን ጥናት እንደሚያመለክተው፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ከ24 ሰዓት በላይ በሚዘልቅ ተረኝነት የሠሩ ኢንተርኖች፣ የተረኝነት ሰዓታቸው ካጠረላቸው ይልቅ 36 በመቶ ገደማ ብልጫ ያለው ከባድ የሕክምና ስህተት ፈጽመዋል። ለመንቃት ሲባል የሚቃም ጫትም መፍትሔ አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር ድካሙን ለጊዜው ቢሸፍነውም፣ የቀጣዩን ሌሊት እንቅልፍ አባርሮ ዕዳውን በማግስቱ ያበዛዋል።

ተረት 3፦ ዝለት በእረፍት ቀን የሚያልፍ ድካም ነው፤ ሕክምና የሚማር ደግሞ ቢታመም ራሱን ያውቃል።

እውነታው፦ ተራ ድካም በእንቅልፍና በእረፍት ሲለቅ፣ ዝለት ግን ከእረፍት ማግስት ወደ ቀድሞው ጫና ሲመለሱ ይመለሳል። ድባቴ ከሁለቱም ይለያል፤ ስሜቱ በትምህርት ጉዳይ ብቻ ሳይወሰን የምግብ ፍላጎትን፣ ወዳጅነትንና ቀድሞ ያስደስት የነበረውን ነገር ሁሉ ይነካል፣ አንዳንዴም በሕይወት የመኖርን ፍላጎት ያጠፋል። ዝለትና ድባቴ ሊደራረቡ ስለሚችሉ፣ ተስፋ መቁረጡ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከዘለቀ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ነገሩ አስቸኳይ የባለሙያ እርዳታ ይሻል። ከላይ የተጠቀሰው የ2016 ትንተና 27.2 በመቶ የሚሆኑት የሕክምና ተማሪዎች የድባቴ ምልክት እንደታየባቸው፣ 11.1 በመቶ የሚሆኑት ራስን የማጥፋት ሐሳብ እንደነበራቸው ቢያሳይም፣ ምልክቱ ከታየባቸው መካከል የአእምሮ ሕክምና የፈለጉት 15.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። እውቀቱ ቢኖርም እርዳታ ከመፈለግ የሚያግድ ሌላ ነገር መኖሩን ይህ አኃዝ ይናገራል። ተማሪው የሚታከምበትና የሚማርበት ሆስፒታል አንድ በሚሆንበት እንደ ሶዶ ባለ ከተማ፣ ካርድ የሚያወጣው ተማሪ በወረፋው ላይ የክፍል ጓደኛውን፣ በምርመራው ክፍል ደግሞ ነገ የሚፈትነውን መምህር ሊያገኝ ስለሚችል፣ ዝምታው ከአላዋቂነት ይልቅ ከመፍራት የሚመነጭ ይሆናል።

ተረት 4፦ እምነቱ የጸና ሰው አይዝልም፤ ለዝለት ጸሎት ብቻ ይበቃል።

እውነታው፦ የግቢ ጉባኤ፣ የወንጌላውያን ፌሎውሺፕና የሙስሊም ጀመዓ ከቤተሰቡ ርቆ ለመጣ ተማሪ ወገን ሆነው የሚደግፉት በመሆናቸው፣ ጥቅማቸው በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ይሁን እንጂ እምነትና ሕክምናን እንደ ተቀናቃኝ ማየት ከራሱ ከወላይታ ታሪክ ጋር ይጋጫል፤ እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ አካባቢው የገቡት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን ከስብከቱ ጎን ለጎን በኦቶና የሕክምና ሥራ ያካሂዱ የነበረ ሲሆን፣ የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም ዛሬ ሁለቱን በአንድ ግቢ አጣምሮ ይዟል። በተማሪዎቹ የእምነት ማኅበራት ውስጥ ያሉ አገልጋዮች የታመመውን በጸሎት እያገዙ ወደ ሐኪም እንዲሄድ ቢመክሩት፣ የታማሚውን ኃፍረት ከማንም በላይ ሊያቃልሉለት ይችላሉ።

ተረት 5፦ መፍትሔው በተማሪው እጅ ነው፤ ስፖርት ይሥራ፣ ጊዜውን ያብቃቃ።

እውነታው፦ እንቅስቃሴም ሆነ የጊዜ አጠቃቀም ጠቃሚ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በሐኪሞች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን ያጠቃለለ ጥናትም በግለሰቡም ሆነ በተቋሙ በኩል የሚወሰዱ እርምጃዎች ዝለትን እንደሚቀንሱ አረጋግጧል። ይሁንና የተማሪው ድርሻ ብቻ ሲጎላ የተቋሙ ድርሻ ይረሳል። በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነጥብ በማለፍና በመውደቅ ብቻ እንዲሰጥ፣ የክፍል ሰዓት እንዲቀንስ፣ ተማሪዎችም በትናንሽ ማኅበረሰቦች እንዲደራጁ ካደረገ በኋላ፣ የድባቴና የጭንቀት ምልክቶች በተማሪዎቹ ዘንድ በግልጽ ቀንሰዋል። ለሶዶም ቢሆን የተረኝነት ሰዓት ወሰን ማበጀት፣ ተማሪን በራውንድ ላይ በታካሚ ፊት ማዋረድን ማስቆም፣ ከነጥብ አሰጣጥ ጋር ንክኪ የሌለው አማካሪ መመደብና የታካሚ ተማሪን ምስጢር መጠበቅ ከገንዘብ ይልቅ ውሳኔ የሚጠይቁ እርምጃዎች ናቸው።

ተረት 6፦ ወርቅ በእሳት ይፈተናል፤ ከተመረቁ በኋላ ሁሉም ያልፋል።

እውነታው፦ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሰፊ ትንተና፣ ተመርቀው በሬዚደንትነት ከሚሠለጥኑ ሐኪሞች መካከል 28.8 በመቶ በሚሆኑት ላይ የድባቴ ምልክት መታየቱን ስለሚያሳይ፣ ዲፕሎማው ችግሩን አይቋጨውም። በኢትዮጵያም በግንቦት 2011 ዓ.ም. ሐኪሞችና ኢንተርኖች ስለ ክፍያና ስለ ሥራ ሁኔታ ያሰሙት ተቃውሞ፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ባለሙያዎች ያደረጉት የሥራ ማቆም አድማ፣ ጫናው ከምረቃ በኋላም እንደሚቀጥል አሳይተዋል። መከራ ያጠነከራቸው ሰዎች መኖራቸው አይካድም፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ የቀሩት ስለማይቆጠሩ፣ ምስክርነቱ ከጸኑት ብቻ የሚሰማ የአንድ ወገን ምስክርነት ነው።

ስድስቱ እምነቶች የሚጋሩት አንድ ነገር አለ፤ ሁሉም ጥያቄውን «ይህ ተማሪ ምን ጎደለው?» ከሚለው አያሳልፉትም። ማስረጃው የሚያስጠይቀው ግን የተረኝነቱን ሠንጠረዥ የሚያወጣውን፣ ራውንዱን የሚመራውንና የእርዳታውን በር የሚከፍተውን አካል ጭምር ነው፤ የነገ የወላይታ ታካሚ የሚደርሰው ሐኪም ምን ዓይነት እንደሚሆንም በከፊል የሚወሰነው ተማሪው ዛሬ በሚያዝበት መንገድ ነው።