ፓስፖርት ያለው ሁሉ መንገደኛ አይደለም

በጥንቱ የጅማ መንግሥት ዳር ድንበር ላይ ኬላዎች ነበሩ። ኬላውን የሚጠብቀው ሹም «አባ ኬላ» ይባላል። ወደ ሂርማታ ገበያ የሚወርድ ነጋዴ ቀረጡን ሳይከፍል አይገባም፤ ሳይጠየቅም አይወጣም። አባ ኬላ ግን ደንበኛውን ነጋዴ በመልኩና በበቅሎው ጭነት ሊያውቀው ይችል ነበር። የዛሬው የአውሮፕላን ጣቢያ ዘብ የሚያውቀው ወረቀቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ የሚናገረውን ሳያውቁ መንገድ መጀመር ትልቅ ጉዳት ያስከትላል።

በዚህ በቦሳ አዲስ ስናስተምር ደጋግመን የምናየው ነገር አለ። ቡናው ተለቅሞ፥ ተሽጦ፥ ገንዘብ በእጅ በሚገባበት ወራት በክፍል ውስጥ ባዶ ወንበር ይበዛል። ከአጋሮም ከሊሙም በኩል የሚመጣው ወሬ አንድ ዓይነት ነው፤ እገሊት «ፓስፖርት አወጣች» ይባላል። ይህም እንደ ሄደች ተቆጥሮ ዘመድ መሰናበት ይጀምራል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፥ ፓስፖርቴ እኮ ደርሷል፤ ከዚህ በኋላ ምን ይቀረኛል?» ብላ ጠይቃኛለች። የሚቀራት ከያዘችው ይበልጥ ነበር።

ፓስፖርት ማለት የራስ መንግሥት «ይህ ሰው የእኔ ዜጋ ነው» ሲል ለውጭው ዓለም የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ነው። ቪዛ ግን የዚያኛው አገር መንግሥት «በዚህ ምክንያት፥ ለዚህን ያህል ጊዜ ልትገባ ትችላለህ» ሲል የሚሰጠው ፈቃድ ነው። አንደኛውን የምናገኘው ከአገራችን ሲሆን ሁለተኛው በሌላ ሰው እጅ ያለ ነገር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገሩ የመውጣትና ወደ አገሩ የመመለስ መብት አለው። በደርግ ዘመን ከፓስፖርት ሌላ የመውጫ ቪዛም ይጠየቅ እንደ ነበር አባቶቻችን ያስታውሳሉ። ነገር ግን ከአገር የመውጣት መብት ወደ ሌላው አገር የመግባት መብት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ የወረቀት ጣጣ እንደሚመስለን ጥንታዊ አይደለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት አያሌ የኤውሮፓ አገሮች መንገደኛን ያለ ፓስፖርት ያስገቡ ነበር። ጦርነቱ በሩን ሁሉ ዘጋው። ከዚያም እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1920 በመንግሥታት ማኅበር አማካይነት በፓሪስ ጉባኤ ተደርጎ የፓስፖርት ደብተር በየአገሩ አንድ ዓይነት መልክ እንዲኖረው ተመከረ። ዛሬ ደንቡን የሚያወጣው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ነው። ፎቶግራፉ ያለበትን ገጽ ግርጌ ብትመለከቱ እያንዳንዳቸው 44 ምልክት የያዙ ሁለት መስመሮች ታገኛላችሁ። እነዚያ ለመኪና ዓይን የተጻፉ ናቸው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከኅዳር ወር 2015 ወዲህ በመኪና የማይነበብ ፓስፖርት ከአገልግሎት ውጭ እንዲሆን ተደርጓል። አገራችንም በ2017 ዓ.ም. ኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት ማውጣት ጀምራለች።

መኪና ደግሞ እንደ ሰው አስተያየት የለውም፤ ፊደል ከተለወጠ ለእሱ ሰውዬው ተለወጠ ማለት ነው። በጅማ ልጆች ላይ የሚደርሰው ችግር ከዚሁ ይመጣል። ጫልቱ የምትባል ልጅ በትምህርት ቤት ወረቀቷ ላይ ስሟ በቁቤ «ሲ» በሚባለው ፊደል ይጀምራል፤ ለፓስፖርት ስታመለክት ግን ጸሐፊው በእንግሊዝኛ ልማድ «ሲ» እና «ኤች» አድርጎ ይጽፍላታል። የጥላሁንም «ጥ» በቁቤ «ኤክስ» ነው፤ በእንግሊዝኛ ልማድ «ቲ» ይሆናል። መሐመድን የምንጽፍበት መንገድማ ቢቆጠር አያልቅም። እኛ አንብበን አንድ ሰው መሆኑን እናውቃለን። የኤምባሲው ጸሐፊ ግን ሁለት ሰው ያያል። ስለ ሆነም የልደት የምስክር ወረቀት፥ የቀበሌ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ከማመልከቻው በፊት ጎን ለጎን ተዘርግተው በፊደል በፊደል መነጻጸር አለባቸው። ዛሬ ለማረም ጥቂት ቀን ይበቃል፤ ቪዛ ከተመታ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። በጥቅምት 1990 የተወለደው በኤውሮፓ አቆጣጠር የ1997 ልጅ ነው፤ በዚያው ዓመት በጥር 5 የተወለደው ግን ጃንዋሪ 13 ቀን 1998 ይሆናል። በሁለቱም ላይ 8 ጨምሮ የሚጽፍ ሰው አንደኛውን በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል። በተማሪዎቼ ፊት ይህን በሰሌዳ ላይ ስሠራ ከሒሳብ ትምህርት ይልቅ በጸጥታ ይከታተሉኛል።

ቀድሞ ፓስፖርት ለማውጣት 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መሰለፍ ግድ ነበር። ኋላ በጅማ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ተከፍቶ የመንገዱ ድካም ቀሏል። ዋጋው ግን አልቀለለም፤ መደበኛው ክፍያ በ2016 ዓ.ም. ማገባደጃ ከ2,000 ብር ወደ 5,000 ብር ወጥቷል። በአንጻሩ የቡና ገዢ የሆነ የውጭ አገር ሰው ከ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የኢትዮጵያን ቪዛ ከቤቱ ሳይወጣ በኢንተርኔት ያገኛል። ቡናውን የለቀመችው ልጅ የእሱን አገር ቪዛ ለማግኘት ስንት ደጅ እንደምትጠና አንባቢ ይገምተው። ጎረቤታችን ኬንያ ግን ከኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቪዛ ሁሉ አንድ አይደለም። የጉብኝት ቪዛ አለ፤ የሥራ ቪዛ አለ። ደላላ ወደ ዐረብ አገር የሚልካት ልጅ የትኛውን እንደ ያዘች አትጠይቅም፤ የተለጠፈውን አይታ ብቻ ደስ ይላታል። በጉብኝት ቪዛ ገብታ ሥራ የያዘች ሠራተኛ ደመወዝ ብትከለከል የምትከስበት መሠረት የላትም፤ እንዲያውም ጥፋተኛዋ እርሷ ትሆናለች። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ያለ ሕጋዊ ወረቀት የሚኖሩትን ስታስወጣ 160,000 ያህል ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰዋል። መንግሥትም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ለሥራ ወደ ውጭ መሄድን አግዶ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ አቆየው።

በዚህ መካከል አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጣ። በ2013 ዓ.ም. ማሻሻያ ቢደረግበትም፥ ወጪውን በሁለት የከፈለበት ድንጋጌ በየቡና ሠፈሩ ሊነገር የሚገባው ነው። የቪዛው ክፍያ፥ የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬት፥ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፥ እንዲሁም የመድን ዋስትና በአሠሪው ላይ ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው ለፓስፖርቷ፥ ለልደት የምስክር ወረቀቷ፥ ለሐኪም ምርመራና ለክትባት፥ ለሙያ ብቃት ማረጋገጫና ለመሳሰለው ነው። እንግዲህ አንድ አባት «ለልጅህ ቪዛና ለትኬት» ተብሎ የአንድ ዓመት የቡና ሽያጭ ለደላላ ሲያስረክብ፥ ሌላ ሰው እንዲከፍለው በአዋጅ የታዘዘውን ዕዳ ራሱ እየከፈለ ነው። ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት «ፈቃድ ያለህ ኤጀንሲ ነህን? ደረሰኝ ትሰጣለህን?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከደረሱ በኋላም ፓስፖርቱን አሠሪው መቀበል የተለመደ ሆኗል፤ ሳዑዲ ዐረቢያን በመሰለ አገር እንኳ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው። ልማድ ከሕግ ሲበረታ ማየት አዲስ ነገር አይደለምና፥ የፓስፖርቱና የቪዛው ግልባጭ በእናት ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ መልካም ነው። ፓስፖርቷ የጠፋባት ወይም የተነጠቀባት ሴት ወደ ኤምባሲ ስትሄድ «ሊሴ ፓሴ» የሚባል የመመለሻ ወረቀት ይሰጣታል፤ ቁጥሩን የያዘ ግልባጭ ከተገኘ ማንነቷን ማጣራቱ ይፈጥናል።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ገና ስድስት ወር የሚያገለግል ካልሆነ አያስገቡም። ከኢትዮጵያ ለሚመጣ መንገደኛ ደግሞ ቢጫ ካርድ የሚጠይቁ አሉ። ምክንያቱ ከእኛው ምድር ብዙም አይርቅም፤ ከ1953 እስከ 1955 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በኦሞ ወንዝ ተፋሰስ በተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ 30,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ክትባቱ አንድ ጊዜ ከተወሰደ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ የሚጸናው ግን ከተወጋበት ከ10 ቀን በኋላ ስለ ሆነ በመሄጃው ዋዜማ የተከተበ ሰው ከአውሮፕላኑ በር ሊመለስ ይችላል።