ሬሳውን በወረቀት መሸፈን

ጦርነት የሚያውጅ መንግሥት ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ አለው። ወታደሩ ሲዘምት እንዲታይ ይፈልጋል፤ ሲወድቅ እንዲታይ ግን አይፈልግም። ይህ የአምባገነኖች ጠባይ ብቻ እንዳይመስለን። የዲሞክራሲ እናት የምትባለው ብሪታኒያም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ክሪስቶፈር ኔቪንሰን ጦር ግንባሩን እንዲስል መንግሥት ራሱ የላከው ሠዓሊ ነበር። በ1917 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «የክብር ጎዳናዎች» የሚል ሥዕል ሠራ። በሥዕሉ ላይ ባንዲራ የለም፣ ፉከራ የለም። ሁለት የብሪታኒያ ወታደሮች ከእሾሃማው ሽቦ አጠገብ ጭቃ ላይ ተደፍተው ቀርተዋል። ርዕሱ ሽሙጥ መሆኑ ነው።

የጦር ሚኒስቴሩ ሳንሱር ሥዕሉ ለሕዝብ እንዳይታይ ከለከለ። ኔቪንሰን ግን በ1918 ለንደን ባቀረበው ኤግዚቢሽን ላይ ሰቀለው፤ ቡናማ ወረቀት አጋድሞ ለጠፈበትና «ሳንሱር ተደርጓል» ብሎ ጻፈ። ባለሥልጣናቱም ገሠጹት። የገሠጹት የተከለከለ ሥዕል በመስቀሉ ብቻ አልነበረም፤ «ሳንሱር» የሚለውን ቃል ያለ ፈቃድ በመጠቀሙም ጭምር እንጂ! ሳንሱር መኖሩን መናገርም ያስወቅስ ነበር ማለት ነው።

በተቃራኒው ምሽግ ውስጥ ደግሞ ጀርመናዊው ኦቶ ዲክስ ነበር። ዲክስ መትረየስ ተኳሽ ሆኖ በሶም ግንባር የተዋጋ ሰው ነው። በ1923 የጨረሰው «ምሽግ» የተባለው ሥዕል ከመድፍ ድብደባ በኋላ በጉድጓዱ ውስጥ የተረፈውን የሰው ገላ ቁርጥራጭና ብስባሽ ሳይሸፋፍን ያሳይ ነበር። የኮሎኝ ከተማ ሙዚየም ገዝቶ ከመጋረጃ ጀርባ አስቀመጠው። ጩኸቱ ሲበረታበት መለሰው።

ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ዲክስን ከመምህርነቱ አባረሩት። በ1937 ደግሞ «የዘቀጠ ሥነ ጥበብ» ብለው ሙኒክ ባዘጋጁት ኤግዚቢሽን ላይ ይኸንኑ ሥዕል ለመሳለቂያ ሰቀሉት። ሌላ ጦርነት ለሚደግስ መንግሥት ያለፈውን ጦርነት ሬሳ የሚያሳይ ሠዓሊ ጠላት ነው። «ምሽግ» ከዚያ በኋላ የገባበት ጠፋ። ከ1929 እስከ 1932 የሠራው «ጦርነት» ግን ተርፎ ዛሬ ድሬዝደን ይገኛል። አሠራሩ እኛ በቤተ ክርስቲያን እንደምናውቀው ባለ ሦስት ክንፍ ሥዕል ነው፤ ከግርጌው አራተኛ ሰሌዳ አለው። በግራ ወታደሮች በጉም ውስጥ ይዘምታሉ፤ በመሐል ምሽጉ ወድሟል፤ በቀኝ አንድ ሰው ቁስለኛ ጓዱን እየጎተተ ያወጣል። የዚያ ሰው ፊት የሠዓሊው የራሱ ነው። ከግርጌ፣ የተኙ ይሁኑ የሞቱ የማይለዩ ወታደሮች ተጋድመዋል።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1998 እስከ 2000 በባድማና በፆረና ግንባሮች የእኛም ልጆች እንደዚያው ምሽግ ለምሽግ ተፋጠው በአሥር ሺዎች ረግፈዋል። ፉከራውንና ዘፈኑን ሁላችንም እናስታውሳለን። ለመሆኑ ከፉከራው በኋላ በጉድጓዱ ውስጥ የቀረውን ማን አሳየን? ስንቱስ እናት የልጇን አወዳደቅ ሳታውቅ ቀረች?

ኔቪንሰን ወረቀት የለጠፈበት ሥዕል ዛሬ ለንደን በሚገኘው የጦርነት ሙዚየም ተቀምጧል፤ ወረቀቱም ተነሥቷል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። የእኛንም ወረቀት የሚያነሡ ሠዓሊያን ያብዛልን።

ቸር ይግጠመን!