«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት

የአባቴ ሙት ዓመት ከገና በኋላ ነበርና ፎቶውን ላሳጥብ ብዬ ፍላሽ ይዤ እዚሁ ላሊበላ ወደ አንድ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ሰሞኑ የበዓል ነው፤ ከተማው በእንግዳ ተጨናንቋል። በዚያ ኮምፒውተር ላይ የስንቱ ሰው ፍላሽ እንደተሰካ እርስዎም ይገምቱታል። ቤት ተመልሼ ፍላሹን በአሮጌው ዴስክቶፕ ላይ ስሰካ ፎልደሮቹ በየስማቸው አሉ፤ ጥጋቸው ላይ ግን ትንሽ ቀስት ተለጥፎባቸዋል። ከፈትኩት። ስህተቴ ይኼ ነበር።

ቀስት ያለበት ነገር ፎልደር ሳይሆን ሾርትከት ነው። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣል፤ ሲከፍቱት ራሱን ወደ ኮምፒውተርዎ ይገለብጣል። የጠጋኙን መልስ እርስዎም ያውቁታል፦ «እህቴ፣ ፎርማት ይደረግ።» ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጡት ፎቶ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ዊንዶውሱ ባለበት ክፍል ነው፤ አብሮ ይጠፋል። የአባቴ ፎቶዎች በሙሉ እዚያ ነበሩ፤ ሌላ ቅጂ አልነበረኝም።

ኮምፒውተራችን የሚሠራው በዊንዶውስ 7 ነው። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. አቁሟል፤ የዊንዶውስ 10ም መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ የሚገኝ ቀዳዳ በመደበኛው መንገድ አይደፈንም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያናወጠው ዋናክራይ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሳይቀር ሲመታ፣ የዊንዶውስ 7 ማሻሻያ ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። አዲስ ይግዙ ማለት ይቀላል፤ ዋጋውን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ያዳነኝ ከባሕር ዳር ለበዓል የመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ነቀለ። ከዚያ ሊኑክስ የተጫነበት ሌላ ፍላሽ ሰክቶ ኮምፒውተሩን በእሱ አስነሳው። የዊንዶውስ ቫይረስ እዚያ አይነሳም፤ የተደበቁትም ፎልደሮች በግልጽ ይታያሉ። ፎቶና ሰነድ ብቻ ወደ ውጭ ሀርድ ዲስክ ገለበጠ፤ ሾርትከትና የፕሮግራም ፋይል አልነካም። የተገለበጠውን ወቅታዊ አንቲቫይረስ ባለው በራሱ ላፕቶፕ ፈተሸው። ፎርማት የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እርስዎም እንዲህ ከገጠመዎት፣ በዚያ ኮምፒውተር ከባንክ ሂሳብዎ ጋር የተያያዘ ነገር አይክፈቱ፤ የኢሜይልዎን የይለፍ ቃል ከሌላ መሣሪያ ይቀይሩ። የእኛው አሁን በሊኑክስ ይሠራል፤ ልጆቹ ይጽፉበታል፣ ፊልም ያዩበታል።

የአባቴን ፎቶ ለፎቶ ቤቱ የላክሁት በቴሌግራም ነው፤ ጥራቱ እንዳይቀንስ እንደ ፋይል።