ጡንቻን የሚያንቀሳቅሰው ጉልበት ነርቭንም ይቀርጻል

በሬ ሞፈርና ቀንበር ሲጎትት የሚያወጣው ጉልበት በጡንቻው ውስጥ ከሚገኙ ሁለት ጥቃቅን ፕሮቲኖች ይመነጫል። አንደኛው አክቲን ይባላል፤ እንደ ክር ቀጭን ነው። ሁለተኛው ማዮሲን ነው፤ ክሩን እየያዘ ይስባል። ማዮሲን ከምግብ የተገኘን ኃይል ወደ እንቅስቃሴ ስለሚለውጥ ተመራማሪዎች ከ“ሞተር ፕሮቲኖች” ይመድቡታል። እነዚህ ሁለቱ ግን የሚሠሩት በጡንቻ ብቻ አይደለም። ሕፃን በማሕፀን ሳለ አንጎሉ፣ ሕብለ ሰረሰሩ እና ነርቮቹ ቅርጽ እንዲይዙም ያግዛሉ።

ከአዋቂ ሰው ወገብ ተነሥቶ እስከ እግር የሚደርስ የነርቭ ክር አንድ ሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል። ይህ ሁሉ ርዝመት ግን የአንድ ሕዋስ ቅጥያ ነው። ክሩ በሽል ውስጥ ማደግ ሲጀምር እጅግ አጭር ነው፤ መንገዱን እየፈለገ የሚጓዘውም በራሱ ጫፍ ነው። ስፔናዊው ሳይንቲስት ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻል እ.ኤ.አ በ1890 የጫጩት ሽልን በአጉሊ መነጽር መርምረው ይህን ሰፋ ያለ የዕድገት ጫፍ ገለጹ። አሜሪካዊው ሮስ ሃሪሰን ደግሞ እ.ኤ.አ በ1907 ከእንቁራሪት ሽል የወሰዱትን ሕብረ ሕዋስ ከሰውነት ውጭ በሕይወት በማቆየት፣ ጫፉ ወደፊት ሲጓዝ ማየት ችለዋል።

በዕድገት ጫፉ ውስጥ ግንባታና ጉተታ በአንድ ጊዜ ይካሄዳሉ። ከፊት በኩል አዳዲስ የአክቲን ክሮች እየተገነቡ የሕዋሱን ሽፋን ወደፊት ይገፋሉ፤ ጣት መሰል ቀጫጭን ቅጥያዎችንም ያወጣሉ። ከኋላ በኩል ማዮሲን ክሮቹን ወደ ውስጥ ይስባል። የተሳቡት ያረጁ ክሮች ይፈርሳሉ፤ ፍርስራሻቸውም ለአዲስ ግንባታ ይውላል። የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2006 በባሕር ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ የነርቭ ሕዋሳት ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ማዮሲን በመድኃኒት ሲገታ የኋልዮሽ ጉዞው ዝግ ማለቱን፣ ያረጁት ክሮችም ሳይፈርሱ መርዘማቸውን አረጋግጠዋል። ስለዚህ ማዮሲን ጎታች ብቻ ሳይሆን አፍራሽም ነው።

ጫፉ ወደፊት የሚሄደው እንዴት ነው? ወንዝ ለመሻገር ገመድ የያዘን ሰው ማሰብ ይቻላል። ገመዱ ካልታሰረ ሰውየው በሳበው ቁጥር ገመዱ ወደ እርሱ ይመጣል፤ እርሱ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ገመዱ ከማዶ ካለ ዛፍ ጋር ከታሰረ ግን ሲስብ ራሱ ወደ ማዶ ይሄዳል። የዕድገት ጫፉም ተስማሚ ቦታ ሲያገኝ ይጣበቃል፤ ክሮቹ በዚያ ስለሚያዙ ወደ ኋላ መንሸራተታቸው ይቀንሳል፤ ጫፉም ይራመዳል። በአንድ ጎኑ ብቻ ከተያዘ ወደዚያው ይታጠፋል። በዙሪያው ያሉ ኬሚካላዊ ምልክቶችም ወዴት እንደሚያመራ ይጠቁሙታል።

የነርቭ ክሮች መንገዳቸውን ከመጀመራቸው በፊት ግን የሚያድጉበት አካል መሠራት አለበት። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር መጀመሪያ ጠፍጣፋ የሕዋሳት ንጣፍ ናቸው። አክቲንና ማዮሲን የሕዋሳቱን አንድ ጫፍ፣ የከረጢት አፍ በማሰሪያው እንደሚሳብ፣ ያጠብቡታል። በዚህም ንጣፉ ይታጠፋል፤ ጠርዞቹ ተገናኝተው ቱቦ ይሆናሉ። ቱቦው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀናት ገደማ ተዘግቶ ያበቃል።

ቱቦው በላይ በኩል ሳይዘጋ ከቀረ አንጎልና የራስ ቅል በሚገባ አይፈጠሩም፤ ሕፃኑም በሕይወት አይቆይም። በታች በኩል ክፍት ከሆነ ሕብለ ሰረሰሩ ይጎዳል፤ ሕፃኑ እግሮቹን ማንቀሳቀስና ሽንቱን መቆጣጠር ሊሳነው ይችላል። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ችግሩ በአገሪቱ በስፋት እንደሚታይ አመልክተዋል። መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም፤ የዘር ውርስ፣ የስኳር ሕመም፣ አንዳንድ መድኃኒቶች እና የፎሌት እጥረት ይጠቀሳሉ። ፎሌት ሕዋሳት እንዲባዙ የሚያስፈልግ ቫይታሚን ነው።

ከእነዚህ መንስኤዎች በቀላሉ መከላከል የሚቻለው የፎሌት እጥረትን ነው። እ.ኤ.አ በ1991 ይፋ የሆነ በብሪታንያ የተመራ ጥናት፣ ቀደም ሲል ችግሩ ያጋጠማቸው እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ የመደገሙ ዕድል በ72 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም ሴቶች ለመፀነስ ካሰቡበት ጊዜ አንሥቶ እርግዝናው 12 ሳምንት እስኪሞላው በየቀኑ 400 ማይክሮግራም እንዲወስዱ ይመክራል።

ጎመን፣ ባቄላ፣ ምስርና ሽምብራ ፎሌት አላቸው፤ ነገር ግን ምግቡ እንክብሉን አይተካም። ወሳኙ ጊዜው ነው። የወር አበባ ከቀረ በኋላ ቱቦው እስኪዘጋ ያለው ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። ብዙ እናቶች ለመጀመሪያ ክትትል ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ሥራው አልቋል። ስለዚህ ለመውለድ ያሰቡ ባልና ሚስት ከመፀነስ በፊት የጤና ባለሙያ ማማከር ይኖርባቸዋል። ቀደም ሲል ችግሩ ያለበት ልጅ የወለደች እናት ደግሞ የሚያስፈልጋት መጠን ከፍ ያለ በመሆኑ በሐኪም ትእዛዝ መውሰድ ይገባታል።