ምዝገባ በጂንካ፦ ከበሩ በፊት ያለው ምርጫ

የሰኔ ካርድ ተሰጥቶ ልጆች ሲበተኑ፣ የግል ትምህርት ቤቶች የአዲስ ተማሪ ማስታወቂያ በየበራቸው ይለጥፋሉ። ወላጁ የሚሰማው መልስ «ቦታ አለ» ወይም «ሞልቷል» የሚል ነው። ከዚህ መልስ ጀርባ ያለው አሠራር የተወሳሰበ አይደለም። መጀመሪያ ነባር ተማሪዎች ይመዘገባሉ፤ ቀጥሎ ወንድም ወይም እህት በግቢው ያላቸው፤ የሠራተኞች ልጆችም አይረሱም። አዲስ የመጣው ልጅ የሚወዳደረው ከእነዚህ ለተረፈው ወንበር ነው።

አዲስ አበባ ላይ ስም ያላቸው ትምህርት ቤቶች አመልካቻቸው ከወንበራቸው እጅግ ስለሚበልጥ በፈተና ወይም በዕጣ ይለያሉ። ወላጅ ሌሊት ወጥቶ ወረፋ የሚይዝባቸው በሮችም አሉ። የደቡብ ኦሞዋ ጂንካ ግን ትንሽ ከተማ ናት። የግል ትምህርት ቤቱ የመምህራኑን ደመወዝ የሚከፍለው ከወርሃዊ ክፍያ ነውና፣ መስከረም ጠብቶ ወንበር ከተረፈ ፈተናው ይላላል። በዚህች ከተማ ልጆችን የሚለየው ወንፊት ፈተናው ሳይሆን ከፈተናው በፊት የሚመጣው ነው ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው የክፍያው ዓይነት ነው፤ መጠኑን ማለቴ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ የባንክ ሠራተኛው በየወሩ እጃቸው ላይ ብር ይገባል። ብዙ ከብት ያለው የሐመር ወይም የበና አባት ከእነሱ ሊበልጥ ይችላል፤ ግን ሀብቱ በየወሩ አይመነዘርም። ወይፈን የሚሸጠው ችግር ሲገጥመው ወይም ገበያው ሲመቸው ነው። ክፍያው በየወሩ ከመሆን ይልቅ በዓመት አንዴ፣ ከብቱ በሚሸጥበት ወቅት ቢሆን ለእነዚህ አባቶች በሩ ይሰፋ ነበር።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመት ነው፤ የግሎቹ ደግሞ ከዚያ በፊት ነርሰሪ፣ ኤልኬጂ፣ ዩኬጂ እያሉ ልጁን ገና በሦስትና በአራት ዓመቱ ይቀበሉታል። የልደት የምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድና ጉርድ ፎቶግራፍ ይጠየቃል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ከብት ተከትሎ በሚንቀሳቀስ ቤተሰብ ውስጥ፣ እቤት ለተወለደ ልጅ ይህ ቀን ሳይታወቅ ያልፋል። ኛንጋቶሞች ሰውን የሚመድቡት ዝሆን፣ ሰጎን እያሉ በሚጠሯቸው የትውልድ መደቦች ሲሆን፣ መደቡን የሚወስነው የልጁ ዓመት ሳይሆን የአባቱ መደብ ነው። እንዲህ ያለው አባት «ልጅህ ስንት ዓመቱ ነው?» ሲባል የሚሰጠው መልስ ቅጹ ላይ አይገጥምም።

ወረቀት በሌለበት የቆየው መላ የታወቀ ነው። ልጁ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን እንዲነካ ይነገረዋል። ጣቶቹ ጆሮውን ከያዙ ደርሷል፤ ካልደረሱ «የከርሞ ሰው ይበለን» ይባላል። መላው ምክንያት አለው፤ ሕፃን ሲያድግ ክንዱ ከራሱ ይልቅ ፈጥኖ ይረዝማልና። ነገር ግን በምግብ እጥረት የቀጨጨ ልጅ ሰባት ዓመት ሞልቶትም ጆሮው ላይ ላይደርስ ይችላል። ዓመቱን የሚያጣው እንግዲህ ተርቦ ያደገው ልጅ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ሦስተኛውና በእኔ ግምት ከባዱ ቋንቋ ነው። ደቡብ ኦሞ 16 ብሔረሰቦች የሚኖሩበት ምድር ነው። ሐመርኛና አሪኛ ኦሟዊ፣ ዳሰነችና ኤርቦሬ ኩሻዊ፣ ሙርሲ፣ ቦዲና ኛንጋቶም ደግሞ ናይሎ ሰሃራዊ ናቸው። ቀበሌ ለቀበሌ የተጎራበቱ ልጆች በቋንቋ ዘር ከማይገናኙ ቤቶች ይመጣሉ። የመግቢያ ቃለ መጠይቁ ግን በአማርኛ ነው፤ ትንሽ እንግሊዝኛም ይጨመርበታል። መምህሯ ቀይ እርሳስ ታነሳና «ይህ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ትላለች። የከብት ልጅ ቀለም ያውቃል፤ የአባቱን ከብት ከሩቅ በቀለሙና በነጠብጣቡ ለይቶ ይጠራል። የተጠየቀበትን ቋንቋ ስላልሰማ ግን ዝም ይላል፤ ዝምታውም «ገና ነው» ተብሎ ይመዘገባል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው መማር እንዳለበት የደነገገው ይህን አይቶ ነበር። ሐመርኛ ወይም ሙርሲኛ የሚችል አንድ ሰው በምዝገባ ሰሞን ከመምህሯ አጠገብ ማስቀመጥ ትልቅ ወጪ አይጠይቅም፤ ጂንካ ውስጥ እንዲህ ያለ ወጣት አይታጣም። ጂንካ ዩኒቨርሲቲም ከተከፈተ ጀምሮ የተማረ ሰው በከተማዋ በዝቷል።

በአርብቶ አደሩ ዘንድ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ በፊት የሚመርጥ ሌላ አካል አለ፤ ቤተሰቡ ራሱ። ለአዳሪ ተማሪዎች ማደሪያ ልጅ ላኩ ሲባል፣ አባት ማንን ይልካል? ፍየል የሚጠብቀውን ትንሹን? ከብቱን ይዞ ሩቅ የሚወርደውን ትልቁን? ብርቱውን እረኛ ማስቀረትና ሥራ የማይሆንለትን መላክ በብዙ ቤት የታየ ነው። ሴት ልጅ ስትሆን ለጋብቻዋ የሚመጣው ከብት ይታሰባል፤ ከተማ ገብታ ሳትመለስ ብትቀርስ የሚለው ሥጋትም አለ። ይህን ስሌት «ኋላ ቀርነት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ድርቅ ሲመጣ ቤተሰቡን የሚያተርፈው እረኛው ነው። ትምህርት ቤቱ ለዚያ አባት ዋስትና የሚሆን ነገር እስካላሳየው ድረስ፣ ምርጫው አስተዋይ ምርጫ ነው።

ጂንካ ውስጥ ግን ከዚህ ሁሉ ፈጽሞ በተለየ መመዘኛ ልጅ የተቀበለ ቤት አለ። ላሌ ላቡኮ የካሮ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው። በካሮ፣ በበናና በሐመር ልማድ የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ልጅ፣ ወይም የወላጆቹ ጋብቻ ሥርዓት ሳይፈጸም የተወለደ «ሚንጊ» ይባል ነበር፤ መዓት ያመጣል ተብሎም ለሞት ይጣል ነበር። ላሌ እነዚህን ልጆች እያስለቀቀ ጂንካ ላይ ማሳደግ ጀመረ፤ ድርጅቱም ኦሞ ቻይልድ ተባለ። ወደዚያ ቤት ለመግባት ልጁ ካርድ አላሳየም፣ ቀለም አልተጠየቀም። ካሮዎች በሽማግሌዎቻቸው ውሳኔ ሚንጊ የተባሉ ልጆችን መጣል በይፋ ያቆሙት ሐምሌ 2004 ዓ.ም. ነው።

ዘንድሮ ልጁን ጂንካ ላይ ለማስመዝገብ የሚዘጋጅ ወላጅ ርእሰ መምህሩን ስለ ክፍያው ብቻ ባይጠይቅ ደስ ይለኛል። ልጄን የሚጠይቀው ማን ነው? በምን ቋንቋ? የልደት ወረቀት ለሌለው ልጅ ምን ታደርጋላችሁ? እንዲህ ያለ ጥያቄ ከብዙ ወላጅ ሲመጣ፣ በወርሃዊ ክፍያ የሚኖር ትምህርት ቤት አሠራሩን ለመለወጥ ምክንያት ያገኛል።