ዝይ መንገዱን ከማን ይማራል? ስለ ወቅቶች መፈራረቅ፣ ስለ ተስፋና ስለ እምነት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በመጠኑ የተስተካከለ)



ማስታወቂያውን ያነበባችሁ አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሰው የቋንቋ መምህር አይደለምን? ከዝይ ጋር ምን አገናኘው?» ሳትሉ አልቀራችሁም። ምክንያቱ አንድ ጥያቄ ነው። ባለፈው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፏን የማማክራት ተማሪዬ «ተስፋ» የሚለው ቃል በግእዝ ድርሳናት ያለውን ፍቺ ስንመረምር ብዕሯን አስቀመጠችና፣ «መምህር፣ ተስፋ ማለት በቂ መረጃ ማጣት አይደለም ወይ? ነገ የሚሆነውን ቢያውቅ ሰው ተስፋ ያደርግ ነበር?» አለችኝ። የዚያን ዕለት የሰጠሁት መልስ እርሷንም እኔንም አላረካም። የዛሬው ንግግር ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው ልትሉት ትችላላችሁ።

ወደ ዝይ ያደረሰኝ አንድ ሥልጠና ነው። በአስተዳደር ሥልጠናዎች ላይ የተገኛችሁ ሁሉ ስለ ዝዮች ሳትሰሙ አልቀራችሁም፦ በሾጣጣ ሰልፍ ስለሚበሩ ብቻቸውን ቢበሩ ከሚደርሱበት 71 በመቶ የበለጠ ርቀት ይጓዛሉ፤ ከኋላ ያሉት የሚጮኹት መሪውን ለማበረታታት ነው፤ አንዷ ስትቆስል ሁለት ጓደኞቿ አብረዋት ይወርዳሉ። ስብከቱ ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ 71 በመቶ የተባለው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1970 በወረቀት ላይ ከተሠራ የበረራ ስሌት የተወሰደ ነው፤ ስሌቱም 25 ወፎች እንከን በሌለው ሰልፍ ሲበሩ ምን ሊያተርፉ እንደሚችሉ የሚገምት እንጂ በሰማይ ላይ የተለካ ውጤት አይደለም። ጩኸቱ ማበረታቻ ነው የሚለው ደግሞ ከእኛ ወደ ወፏ የተላከ ትርጓሜ ነው። ከፍጥረት ተስፋን ለመማር የሚሻ ሰው አስቀድሞ ፍጥረቱን ራሱን መጠየቅ ይኖርበታል። አለበለዚያ የሚሰማው የራሱን ድምፅ ነው።

እንግዲህ እንጠይቅ። ወፍ የማታውቀውን አገር እንዴት ታውቃለች?

ለብዙ ትንንሽ ወፎች መልሱ በደማቸው ውስጥ ያለ ነው። በጎጆ የሚያዙ ተሰዳጅ ወፎች የስደታቸው ወራት ሲደርስ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጥተው ይቅበጠበጣሉ፤ ጀርመኖች ለዚህ ጭንቀት «ሱግኡንሩኤ» የሚል የራሱ ስም አውጥተውለታል። እስቴፈን ኤምለን የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1960ዎቹ ወፎችን ሰው ሠራሽ ሰማይ በሚታይበት ክፍል ውስጥ አስገብተው፣ ቀለም የነኩ እግሮቻቸው በጎጆው ግድግዳ ላይ የሚተዉትን ምልክት በመቁጠር ወፎቹ በከዋክብት እንደሚመሩ አሳዩ። ከዚህም በኋላ ከጫጩትነታቸው ጀምሮ የሐሰት ሰማይ አሳዩአቸው። ሰማዩ በዋልታው ኮከብ ዙሪያ መዞሩን ትቶ ቤተልጌዝ በተባለው ኮከብ ዙሪያ እንዲዞር ሲደረግ፣ ወፎቹ ያን ኮከብ የሰሜን ምልክት አድርገው ያዙት። ወፏ የወረሰችው ካርታ ሳይሆን የማይንቀሳቀሰውን ነጥብ የመፈለግ ዝንባሌ ነው ማለት ነው። ለዚህ ነገር ደግሜ እመለስ ይሆናል፤ ጊዜ ካልበቃኝም እናንተው አስቡበት።

የዝይ ነገር ግን የተለየ ነው። ዝይ የመነሣት ፍላጎቱን ቢወርስም መንገዱን የሚማረው ከወላጆቹ ነው። ጫጩቶቹ በመጀመሪያው መከር ከእናትና ከአባታቸው ጋር ይበራሉ፤ የሚያርፉበትን ረግረግ፣ የሚሻገሩበትን የባሕር ወሽመጥ ያያሉ፤ ክረምቱንም አብረው ያሳልፋሉ። ያለ ወላጅ ያደገ ዝይ ክንፉ ጠንካራ ቢሆንም የት እንደሚሄድ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1993 ካናዳዊው ቢል ሊሽማን በእጃቸው ያሳደጓቸውን 18 ዝዮች በትንሽ አውሮፕላን እየመሩ ከኦንታርዮ እስከ ቨርጂኒያ ወሰዱ፤ በቀጣዩ ዓመት አብዛኞቹ ማንም ሳይመራቸው ተመልሰው መጡ። መንገዱን አንድ ጊዜ ማየት በቅቷቸዋል። ያቺን አንድ ጊዜ የሚያሳያቸው ግን ያስፈልጋቸው ነበር።

የሰው ልጅም ይህንን ለማመን ዘመናት ፈጅቶበታል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በየመከሩ ከባሕር በኩል የሚመጡ ጥቁርና ነጭ ዝዮች ነበሩ፤ ጎጆአቸውን ግን ያየ ማንም የለም። ስለዚህ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዌልሱ ጄራልድ ዝዮቹ በባሕር ላይ ከሚንሳፈፍ እንጨት፣ በእንጨቱም ላይ ከሚጣበቁ ቅርፊታም ፍጥረታት እንደሚወለዱ ጻፉ። ባርናክል ዝይ የሚለው ስም ዛሬም የዚያ ተረት ቅርስ ነው። ከዕንቁላል ያልተወለደ ሥጋ አይደለም ተብሎ በጾም ወራት የሚበሉትም ነበሩ፤ እንዲህ ያለውን የጾም ፍልስፍና እኛም አገር ፈልገን አናጣም። ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፍሬድሪክ ግን መልእክተኞች ወደ ሰሜን ልከው እንጨቱን አስመጡና መረመሩ፤ ወፍ የሚመስል ምንም አላገኙበትም። ወፎቹ የሚፈለፈሉት ሰው ባልደረሰበት ሩቅ አገር መሆን አለበት፣ ተረቱም ከዚህ አለማወቅ የመነጨ ነው ብለው ደመደሙ። እ.ኤ.አ. በ1596 ከቪለም ባረንትስ ጋር የተጓዙ ሆላንዳውያን መርከበኞች በስፒትስበርገን ዝዮች ዕንቁላል ታቅፈው አገኙ። ንጉሡ ሳያዩት እውነት ነው ያሉት አገር ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ታየ።

እዚህ ላይ ለተማሪዬ የመልሱን ግማሽ ማግኘት ጀመርሁ። ተረቱን የፈጠሩትም ንጉሡም ተመሳሳይ የመረጃ እጥረት ነበረባቸው። ልዩነቱ አንደኛው ወገን ባዶውን ቦታ በአጠገቡ ባለው እንጨት ሲሞላው፣ ሌላው ባዶውን ቦታ ክፍት ትቶ ከአድማስ ወዲያ አገር እንዳለ መናገሩ ነው። በግእዙ «ተስፋ» የሚገኘው «ተሰፈወ» ከሚለው ግሥ ነው፤ መጠበቅን፣ ዐይንን ወደሚመጣው መጣልን ያመለክታል። «አምነ» የሚለው ደግሞ ከጽናትና ከታማኝነት ጋር የተያያዘ ነው፤ «ሃይማኖት»ም ከዚሁ ሥር ጋር ይዛመዳል። ሁለቱም ቃላት ስለ መረጃ ብዛት ወይም ማነስ አይናገሩም። አንደኛው ስለ አቅጣጫ፣ ሌላው ስለ መደገፊያ ይናገራል።

ወደ ወቅቶች ልለፍ። በሰሜኑ ሥነ ጽሑፍ የዝዮች መነሣት የኀዘን ምልክት ነው፤ ቅጠል ይረግፋል፣ ብርሃን ያጥራል፣ ሰማይ ባዶ ይሆናል። እኛ ግን በሌላው ጫፍ ላይ ቆመናል። በባሕረ ሐሳባችን ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ከዚያም መጸው ይገባል። ሰሜኑ የሚጨልምበት ወር ለእኛ ደመናው የሚገፈፍበት፣ አደይ የሚፈነዳበት ወር ነው። በዚያው ሰሞን ከአውሮፓና ከእስያ የተነሡ ሽመላዎችና ዳክዬዎች በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ላይ መታየት ይጀምራሉ። አንድ ወፍ በአንድ በረራ በአንዱ አገር መለየት፣ በሌላው አገር መድረስ ይሆናል። ነቢዩ ኤርምያስም ሽመላና ዋኖስ ጊዜያቸውን ሲያውቁ ሕዝቡ ግን አለማወቁን ሲወቅስ የቆመው በዚሁ የወፎች ጎዳና ላይ ነው፤ ፍልስጥኤም በአውሮፓና በአፍሪካ መካከል ከሚገኙት ታላላቅ የወፍ መተላለፊያዎች አንዷ ናትና።

የራሳችን ዝይ፣ ማለትም በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኘው ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ፣ ባሕር አይሻገርም። በሱሉልታ ሜዳና በባሌ ተራሮች ታገኙታላችሁ። ከእርሱ ይልቅ የሚታወቀው ግን «የመስቀል ወፍ» ነው፤ ለጠፋ ወዳጅ «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ ትላለህ» እንላለን። ስሙ የሚሰጠው ወፍ ከቦታ ቦታ ይለያይ ይሆናል። ሆኖም በክረምቱ ማብቂያ ሜዳውን ከሚያስጌጡት ረጅም ጅራት ወይም ደማቅ ላባ ካላቸው ወፎች ብዙዎቹ የትም አይሄዱም። ወንዱ የመራቢያው ወራት ሲያልፍ ጌጡን ያራግፍና እንደ ሴቷ ቡናማ መስሎ ከሌሎች ጋር ይቀላቀላል። ዓመቱን ሙሉ በአጠገባችን ነበር፤ አላወቅነውም እንጂ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የተረዳሁ ዕለት የተሰማኝ ነገር ቅሬታም ደስታም ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ እስካሁን አልለየሁም።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እገባለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2002 በሶርያ፣ በጥንታዊቷ ፓልሚራ አጠገብ በሚገኝ በረሃ፣ ከአካባቢው ጠፍቷል ይባል የነበረ ወፍ ተገኘ። ሰሜናዊ ራሰ በራ አይቢስ ይባላል፤ ጥቁር ነው፣ ራሱ ላባ የለውም፣ መንቆሩ ቀይና ቆልማማ ነው። የተገኙት ሰባት ብቻ ነበሩ። ክረምቱን የት እንደሚያሳልፉ የሚያውቅ አልነበረም። በ2006 በሦስቱ ላይ የሳተላይት መከታተያ ታሰረ፤ ወፎቹም በዮርዳኖስ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አልፈው፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በመጓዝ በኢትዮጵያ ማዕከላዊ ደጋ ላይ ዐረፉ። እረኞቻችንና ገበሬዎቻችን በሚውሉበት ሜዳ ላይ የዓለም ሊቃውንት የሚፈልጉት ወፍ ነፍሳት እየለቀመ ይከርም ነበር። ከወፎቹ አንዷ በፓልሚራ ንግሥት ስም ዜኖቢያ ተብላለች።

ይህም ወፍ እንደ ዝይ መንገዱን ከታላላቆቹ ይማራል። ጫጩቶችን በጎጆ አርብቶ መልቀቅ ይቻላል፤ ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደውን መንገድ ግን የሚያውቁት ጥቂት አረጋውያን ወፎች ብቻ ነበሩ። በየዓመቱ ቁጥራቸው አነሰ። በ2015 ግንቦት ፓልሚራ በጦርነቱ ወደቀች፤ መንገዱን የምታውቅ የመጨረሻዋ ናት የምትባለው ዜኖቢያም የት እንደደረሰች ሳይታወቅ ቀረ። ከእርሷ ጋር የጠፋው አንዲት ወፍ ብቻ አይደለም፤ ከሶርያ በረሃ እስከ እኛ ደጋ ድረስ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረ ዕውቀት ነው። በዚህ ፋኩልቲ የቃል ግጥም የምትሰበስቡ፣ የመጨረሻዎቹን የቅኔ መምህራን ደጅ የምትጠኑ ሰዎች የምናገረው ይገባችኋል።

ተማሪዬ ይህን ብሰማ ኖሮ «ታዲያ ተስፋው የት አለ?» ትል ነበር። ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ እኔም በቶሎ ላጽናናት አልፈልግም። ስለ ባርናክል ዝዮችም ልንገራችሁ። በስቫልባርድ የሚራቡት በ1940ዎቹ መጨረሻ 300 ገደማ ብቻ ቀርተው ነበር። አደን ተከለከለ፤ በስኮትላንድና በእንግሊዝ ድንበር ላይ በሚገኘው የሶልዌይ ባሕር ሰላጤ የሚከርሙበት ቦታ ተጠበቀ፤ ከሰባ ዓመታት በኋላ በአሥር ሺዎች ተቈጠሩ። ከዚያም በ2021 እና በ2022 መካከል ባለው አንድ ክረምት የወፍ ጉንፋን ሲሶ የሚሆኑትን ፈጀ። የተረፉት በጸደይ ወደ ሰሜን ተነሡ።

ራሰ በራው አይቢስ ከመካከለኛው አውሮፓ የጠፋው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ከ2004 ጀምሮ ግን በኦስትሪያ ያሉ ተመራማሪዎች በእጅ ያደጉ ወጣት ወፎችን በትንሽ አውሮፕላን እየመሩ አልፕስን አሻግረው ወደ ጣልያን፣ ወደ ቶስካና መውሰድ ጀመሩ። አሳዳጊዎቹ ቢጫ ልብስ ለብሰው ከአብራሪው ጋር ይቀመጡና በድምፅ ማጉያ ይጠሯቸዋል። ስለ ሾጣጣው ሰልፍ ቁልጭ ያለ መረጃ የተገኘውም ከእነዚሁ ነው፦ በ2014 በታተመ ጥናት በ14 ወፎች ጀርባ ላይ የታሰሩ መሣሪያዎች እያንዳንዷ ወፍ የፊተኛዋ ክንፍ የሚያነሣውን አየር ለመያዝ ቦታዋንና ምቷን እንደምታስተካክል አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ጥናትም አድካሚውን የፊት ቦታ በየተራ እንደሚይዙት ገለጠ። የአሠልጣኞቹ ስብከት እንግዲህ ከሥሩ ሐሰት አልነበረም፤ ቁጥሩን ቸኩሎ ያዘ እንጂ።

በ2011 ጎያ የተባለች ወፍ ማንም ሳይመራት ከቶስካና ወደ ባቫርያ ተመለሰች፤ ለዘመናት የተቋረጠው ጉዞ በእርሷ ተቀጠለ። በ2012 አዳኝ ተኩሶ ገደላት። ሥራው ግን አልቆመም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ወቅቱ ራሱ መለወጥ ጀመረ፦ መከሩ እየሞቀ ሲሄድ ወፎቹ ዘግይተው መነሣት ያዙ፤ ዘግይተው ሲደርሱ ደግሞ የአልፕስ ተራሮች ላይ የሚያነሣቸው ሞቃት አየር አለቀባቸው። የጥንቱ መንገድ በአዲሱ ወቅት መሻገሪያ አጣ። በዚህ የተነሣ በ2023 አሳዳጊዎቹ ተራራውን በምዕራብ ዞረው፣ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ በማቅናት፣ ወፎቹን በስፔን ወደምትገኘው አንዳሉሲያ መሩ። የተረከቡትን መንገድ ትተው አዲስ መንገድ ማስተማራቸው ስሕተት ይሆን ወይስ ታማኝነት? እኔ ታማኝነት ነው ባይ ነኝ፤ በጥያቄው ክፍለ ጊዜ ልትከራከሩኝ ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልፈጽም። እነዚህ ወፎች አንዴ ከተመሩ በኋላ በቀጣዩ ጸደይ አይመለሱም። ለመራባት እስኪደርሱ ሁለት፣ ሦስት ዓመት በደቡብ ይቆያሉ። አሳዳጊዋ ወፎቹን ካደረሰች በኋላ ቢጫ ልብሷን አጥፋ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ትምህርቱ መግባቱንና አለመግባቱን የምታውቀው ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ፣ አንድ ጠዋት በመንደሯ ሰማይ ላይ ጥቁር ወፍ ስታይ ነው። በየዓመቱም ቀጣዮቹን ጫጩቶች ለማሳደግ የምትነሣው የቀደሙት መመለሳቸውን ሳታውቅ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን ብታወጡ።