የዶሮ ቫይረስ የጠቆመው ዕጢ

ዶሮን በደም ካንሰር የሚገድል አንድ ቫይረስ አለ። የያዛት ዶሮ መቅኔ ውስጥ ከግንድ ሴል ወርደው ቀይ የደም ሴል ሊሆኑ የተነሡት ጨቅላ ሴሎች መብሰሉን ትተው ዝም ብለው ይባዛሉ። ተመራማሪዎች ቫይረሱን ሲመረምሩ ከዶሮ ሴል የነጠቃቸው ሁለት ጂኖች አገኙበት፤ ኧርብ-ኤ እና ኧርብ-ቢ አሏቸው። የቢ ማንነት እ.ኤ.አ. በ1984 ተለየ። ኤ ግን እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ፤ ብቻውን ካንሰር አያመጣም፣ የሴሎቹን መብሰል ግን ያግዳል።

ፍንጩ የመጣው ካልታሰበበት ነው። በ1985 በካሊፎርኒያው ሳልክ ተቋም እነሮናልድ ኢቫንስ የኮርቲዞል ሆርሞንን ተቀባይ ፕሮቲን ሲያጠኑ ከኧርብ-ኤ ጋር ተመሳሰለባቸው። እንግዲያው ይህም የሆርሞን ተቀባይ ይሆን? የየትኛው ሆርሞን? ጤነኛውን ቅጂ ሲፈትኑት አጥብቆ የያዘው የታይሮይድ ሆርሞንን ሆነ፤ አንገታችን ላይ ካለችው፣ ስታብጥ እንቅርት ከምንላት ዕጢ የሚመነጨውን። ሃይደልበርግ ላይ የብዮርን ቬንስትሮም ቡድንም በራሱ መንገድ እዚያው ደርሶ ነበር። የሁለቱም ጥናት በ1986 መጨረሻ በአንድ የኔቸር መጽሔት ዕትም ወጣ።

ተቀባዩ በሴሉ አስኳል ውስጥ ዲኤንኤ ላይ ይቀመጣል። ሆርሞኑ ከሌለ ጂኖችን ዘግቶ ይይዛል፤ ሲመጣ ይከፍታል። የቫይረሱ ቅጂ ሆርሞኑን መያዝ ስለተሳነው ዘግቶ ይቀራል። በ1998 የቪየናው ሃርትሙት ቦይግ ቡድን በጤነኛ የዶሮ ሴሎች ላይ ያሳየው ደግሞ ለእኔ ከሁሉም ይልቃል፦ ያው አንድ ተቀባይ ሆርሞን ሲያጣ ጨቅላዎቹን «ተባዙ» ይላል፣ ሲያገኝ «ብሰሉ»።

የዕጢውና የደም ትስስር በሰው ላይ ግን ቀድሞም ታይቷል፤ በ1883 የበርኑ ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር፣ እንቅርታቸውን ከነዕጢው ያወጣላቸው ሰዎች ደክመውና አብጠው፣ ደማቸውም አንሶ አግኝቷቸው ነበር። መንሥኤው ተቀባዩ ብቻ አይደለም፤ ሆርሞኑ ሲያንስ የሰውነት የኦክስጅን ፍላጎት ስለሚቀንስ ደም እንዲመረት የሚያዘው የኩላሊት ሆርሞንም ይቀንሳል። ሆኖም ከ2012 ወዲህ የዚህ ተቀባይ ጂን የተበላሸባቸው ሰዎች ተገኝተዋል፤ ብዙዎቹም ቀለል ያለ ደም ማነስ አለባቸው።

እንቅርት በደጋው አገራችን የቆየ ችግር ነውና፣ ደም ማነስ ተብላችሁ የብረት እንክብል ወስዳችሁ ካልተሻላችሁ ሐኪማችሁን የታይሮይድ ምርመራ ጠይቁ።